ፊቷ እስኪሳል

ጥር 28፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ የቅርጫት እንጨት ስወቅጥ ዋልኩ። ክንዴ ዝሏል። የዘንድሮው ግንድ ጥሩ ነው። በመዶሻ ሲመታ በየዓመቱ የበቀለው ንብርብር እንደ ጥብጣብ እየተላጠ ይነሳል። ዘጠኙን ለይቼ ጭኔ ላይ ደረደርኩ... ዘጠኝ ዓመት ይህን ያህል ቀጭን ነው?

አክስቴ ኬዚያ ከእሳቱ ዳር ሆና አየችኝ። መልሼ ከሌላው ጋር ቀላቀልኩት።

በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። እራት ባቄላና የበቆሎ ቂጣ። ይህን የምጽፈው የቅርጫቶቹን ውስጥ ላለብስበት ባመጣሁት ወረቀት ላይ ነው። አክስቴ ማንበብ አትችልም። እንኳንም አልቻለች።

ጥር 30፣ ረቡዕ

ስፖፎርድ መጠጥ ቤት ወርጄ የአራት ወንበር መቀመጫ ጎነጎንኩ። ትልቁ ክፍል ውስጥ ሰዓሊ ገብቷል። ሚስተር ፕራት ይባላል። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰውም፣ የመጠጥ ቤት ምልክትም፣ የሬሳ ሣጥንም ይቀባል። ባለቤቱ ሚስተር ስፖፎርድ ከምድጃው በላይ ላለው ሰፊ ሳንቃ ሥዕል አዞታል። የመጀመሪያዎቹ ነጮች በመርከብ መጥተው ከእኛ ሰዎች ጋር የተገናኙበትን ቀን።

ሰዓሊው ሲያየኝ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«ቀይ ሕንድ ነሽ?»

«ወንበር ሠሪ ነኝ።»

«አይ፣ ማለቴ... እዚህ ከተማ ቀይ ሕንድ የለም፣ ሁሉም አልቀዋል አሉኝ እኮ!»

«ሲያልቁ ለኔ አልነገሩኝም» አልኩት።

ጠጪዎቹ ሳቁ። ለሥዕሉ ሞዴል ሆነሽ ተቀመጪልኝ፣ እከፍልሻለሁ አለ። ላስብበት አልኩ። መንገዱን ሙሉ ግን አንድ ነገር ሲመላለስብኝ መጣ። ሥዕሉ ውስጥ ልጆችም አሉበት ብሏል።

የካቲት 1፣ ሐሙስ

መልኳ እየሸሸኝ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

አርባ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፣ መንግሥት ሞግዚት ሾሞልኛል። ለእኔም፣ ለአክስቴም፣ ኮረብታው ላይ ለቀረነው የእኛ ሰዎች ሁሉ። ሞግዚቱ ልጄን ስምንት ዓመት ሲሞላት ለገበሬ ቤት አገልጋይነት ሰጣት። «ሥራ ትለምዳለች፣ ጠግባ ትበላለች» አለ። በጋሪ ወሰዷት። ዓመት አለፈ፣ እንድጠይቃት አልፈቀዱም። ኩፍኝ ገደላት ብለው የላኩብኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ይኸው አንድ ዓመት ሆነ።

ጋሪው ሲነሳ ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም። የመንኮራኩሩ ጩኸት ይሆናል... መጨረሻ ያየሁት የቆቧን ጀርባ ነው።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ሟች ወደ ደቡብ ምዕራብ እየተጓዘ ነው። ስሙን ከጠሩት ይዞራል፣ ከዞረ መንገዱ ይጠፋዋል። አክስቴ ይህን ከእናቷ ሰማች፣ እናቷም ከእናቷ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ይህ ግን አልቀረም። ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስሟ አልተሰማም። ባለፈው ጸደይ ከጣሪያው ሥር ጎጆ የሠራችውን ወፍ እንኳ አክስቴ በመጥረጊያ አባረረቻት። ለምን እንደሆነ አልጽፍም።

ስም የለኝ፣ ሥዕል የለኝ። ያለኝ መልኳ ብቻ ነበር፣ እሱም እየሳሳ ነው። ትናንት ቅንድቧን ፈልጌ አጣሁት። ሰዓሊውን ልጄን ከነዚያ ልጆች መካከል እንዲስልልኝ እጠይቀዋለሁ። ክፍያው ይቅርብኝ።

የካቲት 5፣ ሰኞ

እሺ አለ። «ምን ችግር አለው፣ አንድ ልጅ ይጨመራል» አለ፣ ድስት ላይ ድንች እንደሚጨምር ሰው። ክፉ ሰው አይመስልም። ጣቶቹ ሁሉ ቀለም ናቸው፣ ጢሙም።

ተንበርከኪ አለኝ፣ ተንበረከክኩ። ዱባ አስያዘኝ። ከሚስስ ስፖፎርድ ኩሽና የአውራ ዶሮ ጭራ አምጥቶ ፀጉሬ ላይ ሰካ።

«እኛ እንዲህ አናደርግም» አልኩት።

«ድሮስ?»

«ድሮ አልነበርኩም።»

«እስቲ ንገሪኝ፣ መርከቡን መጀመሪያ ያዩት ጊዜ ሰዎችሽ ምን አሉ?»

«ሁለት መቶ ዓመት ሆነው እኮ ጌታዬ! እኔ በዚህ ጥር ነው አርባ የደፈንኩት።»

ሚስተር ስፖፎርድ ከበርሜሎቹ ጋር ሆኖ «ምን ይላሉ፣ ‹ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ› ነዋ!» አለ። ሳቁ። እኔም ጉልበቴን እያመመኝ ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ቆዳችንን የሚቀባበትን ቀለም አወቅኩት። ቀዩ የጎተራ ቀለም ነው። የስፖፎርድ ጎተራ ባለፈው የተቀባበት፣ ባልዲው ራሱ። እንዲህ ያለ መልክ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ጎተራ ግን አይቻለሁ።

የካቲት 9፣ ዓርብ

«በይ ስለ ልጅቷ ንገሪኝ» አለ። እርሳስ ይዟል።

«ዓይኗ?»

«ቡናማ።»

«አፍንጫዋ?»

«ትንሽ... መካከለኛ።»

«አፏስ?»

ስንት ዓመት ያጎረስኩት አፍ... ምን ዓይነት ነበር?

«ስትስቅ ግራ ዓይኗ ቀድሞ ይጨፈናል» አልኩ።

«ሥዕል ላይ አይሳቅም። ጥርስ ያስቸግራል።»

«አገጯ ሥር ጠባሳ አለ። ሾርባ ፈሶባት...»

«ከሩቅ ነው የምትታየው፣ ጠባሳ አይወጣም። ስሟ ማነው?»

«አልነግርዎትም።»

«ምነው?»

«ልማዳችን ነው።»

ትከሻውን ሰበቀ። «ደግነቱ ስም አልስልም» አለ።

እየተመለስኩ የነገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ቡናማ ዓይን፣ መካከለኛ አፍንጫ፣ ጥቁር ፀጉር። ከዚህ እስከ ባሕሩ ካሉት ልጆች ግማሾቹ እንዲህ ናቸው። እናቷ ነኝ። እናቷ የነገረችው ይሄ ነው?

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

አለቀስኩ። አክስቴ ሰማችኝ። «ላያስችል አይሰጥም» አለች። አልቻልኩትም እኮ... ይኸው ግን ሰጠኝ።

የካቲት 20፣ ማክሰኞ

ሥዕሉ እየሞላ ነው። በግራ ሦስት ነጮች፣ ረጃጅም ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ። በቀኝ እኛ፣ ሰባት ነን። ከኋላ ባሕር፣ ባሕሩ ላይ መርከብ፣ ከመርከቡ አጠገብ ዳክዬ። ዳክዬዋ ከመርከቡ ትበልጣለች። አንድ ዘንባባም ቆሟል።

«እዚህ አገር ዘንባባ የለም» አልኩት።

«ከመጽሐፍ ገልብጬው ነው። ያምራል።»

ሚስተር ፕራት ፊት የሚስለው መጨረሻ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። እጁን፣ እግሩን፣ ልብሱን ይጨርስና ፊቱን ነጭ ክብ አድርጎ ይተወዋል። አሥር ሰው ፊት ሳይኖረው እዚያ ቆሟል። ጠጪዎቹ «ይቺ አማትህ ናት፣ ያ አንተ ነህ» እየተባባሉ ይቀላለዳሉ። እኔ ዱባዬን ይዤ ተንበርክኬአለሁ። ከአጠገቤ ትንሽ ልጅ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ።

ዛሬ ሁሉም ለምሳ ሲነሱ ብቻዬን ቀረሁ። ያቺን ትንሽ ነጭ ክብ አየሁ፣ አየሁ...

መጣች። እውነቴን ነው። ግራ ዓይኗ መጀመሪያ። ከዚያ የወለቀው ጥርሷ ቦታ። ከዚያ አፏ... አዎ፣ አፏ! የላይኛው ከንፈሯ መሃሉ ላይ ወጣ ያለ ነበር፣ አንድ ነገር ልትለኝ ስትል የበለጠ ይወጣል። እንዴት ረሳሁት? ቅንድቧም ነበር። ሁሉም ነበር።

ሚስተር ፕራት ሲመለስ ስለ ከንፈሯ ነገርኩት። «እሺ፣ እሺ» አለ፣ አይብ እያላመጠ።

የካቲት 23፣ ዓርብ

ዛሬም አየኋት። የሚጎነጎን ወንበር ሳይኖር አለ ብዬ ገባሁ። ሚስስ ስፖፎርድ «አንቺ ሴት፣ በወንበሮቼ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ

አየኋት። ቆጣ ብላ ነበር።

የካቲት 28፣ ረቡዕ

አክስቴ አወቀች። «ዕለት ዕለት ምን ልትሠሪ ነው የምትወርጂው?» አለች። ነገርኳት። ሁሉንም።

«ፊቷን ለማያውቃት ሰው ሰጠሽው?»

«እንዲስልልኝ ነው አክስቴ። እንዳይጠፋብኝ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

«ብብቴ ውስጥ ምን አለኝ?» ብዬ ጮህኩባት። «በይ ንገሪኝ፣ ምን አለኝ?» ጮኼባት አላውቅም ነበር።

ቆይታ፣ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ጀመረች። «ቅድመ አያቴ ከሷ ቅድመ አያት የሰማችው ነው። እነዚያ ሰዎች ከመርከቡ ሲወርዱ ገና ሳይቀመጡ ‹ምን አላችሁ?› አሉ። ያለንን አቀረብን፣ በሉ። ከዚያ ‹ስማችሁ ማነው?› አሉ። ነገርናቸው፣ ጽፈው ያዙት። ፊት ነበር የቀራቸው።»

አሮጊት መልስ አይጠፋትም። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ከትናንት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞኛል። ባዶውን ይተዉልኝ ብለውስ? ያችን አንዲት ክብ ብቻ። ሌላውን እንደፈለገ ይቀባ።

ልጠይቀው ሄድኩ። አጠገቡ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። «ሐሙስ ፊት እጀምራለሁ፣ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ። የልጅሽን አሳምርልሻለሁ» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

ለምን አልጠየቅኩትም? ይስቅብኛል ብዬ? ወይስ ከልቤ እሷን ይስላታል ብዬ አምኜ ነው? እንጃ... ትንሽ ተስፋ ነበረኝ መሰለኝ። ሐሙስ አጠገቡ ቆሜ አፏን አሳየዋለሁ።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

አክስቴ በትኩሳት ነደደች። ልወርድ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር።

መጋቢት 9፣ እሑድ

አልተሻላትም። የዛፍ ቅርፊት አፍልቼ አጠጣኋት። በትኩሳቱ ውስጥ ሆና የእናቷን እናት ታናግራለች፣ ስሟን ግን አትጠራም። እዚያም ሆና ትጠነቀቃለች።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

ትኩሳቱ ለቀቃት። ሾርባ ጠጣች። «ሂጂ፣ እግርሽ እሳት ላይ የቆመ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ጨርሷል።

አሥሩም ፊት አላቸው። ዘጠኙ አንድ ፊት ነው። ለነጮቹ ጢም ጨምሯል፣ ለእኛ የጎተራ ቀለም። እኔም ያው ነኝ፣ ጢም የለኝም እንጂ። አሥረኛዋ ልጄ ናት... አይደለችም። አልሚራ ናት። የስፖፎርድ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ። ያ ክብ ጉንጭ፣ ያ ፈዘዝ ያለ ዓይን፣ ያ ጥብቅ ያለ አፍ። ጎተራ ቀለም ተቀብታ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋለች።

ሚስስ ስፖፎርድ ታጨበጭባለች። «ይቺማ አልሚራዬ ናት! ውይ ስታምር!»

«እማማ፣ ለምን ቀይ አደረገኝ?» አለች ልጅቷ።

«ለጨዋታ ነው የኔ ቆንጆ።»

ሚስተር ፕራት ዓይኔን ሸሸኝ። «አልመጣሽም እኮ» አለ። «ጠበቅኩሽ። ልጅቷ ደግሞ እዚሁ ነበረች፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች...» ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ፊት አልችልም። አንድ ፊት ነው የተማርኩት። ጢም እጨምራለሁ፣ ጢም እቀንሳለሁ። ሌላውን የማውቀው ሰው ከፊቴ ሲቀመጥልኝ ብቻ ነው። የሌለን ሰው ከየት አመጣዋለሁ?»

«ይፋቁት» አልኩ።

«ምኑን?»

«ፊቷን። እንደነበረው ነጭ ያድርጉልኝ።»

ሚስተር ስፖፎርድ ሰማ። «ፊት የሌላት ልጅ ምድጃዬ ላይ? እንግዳ ልታስደነብሪብኝ ነው እንዴ አንቺ?»

ለመንኩ። ተንበረከክኩ። አስቤ አይደለም፣ ጉልበቴ ነው የታጠፈው። ሥዕሉ ፊት ለፊት፣ እጄን ዘርግቼ። ሚስተር ስፖፎርድ ጭኑን መታ። «እዩ፣ እዩ! ቁርጥ ሥዕሉን! ዱባው ብቻ ነው የጎደለ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሚስተር ፕራት አልሳቀም። ብሩሹን እያጠበ ነበር።

መጋቢት 16፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

መጋቢት 25፣ ማክሰኞ

ሰዓሊው ሄደ አሉ። ወደ ሰሜን፣ ሌላ መጠጥ ቤት። እዚያም ያንኑ ፊት ይዞ ይደርሳል።

ዓይኔን ስጨፍን አልሚራ ትመጣለች። ቀይዋ አልሚራ። መጀመሪያ ሥራ ስለበዛብኝ ነው፣ ያልፋል አልኩ። አላለፈም። እንጨት ስወቅጥ እሷ፣ ውሃ ስቀዳ እሷ። ልጄ ስትስቅ ለማየት እሞክራለሁ፣ ጥብቁ አፍ አይከፈትም። ግራ ዓይኗ ብዬ እጀምራለሁ፣ ሁለቱም ክብ ሆነው ይፈጡብኛል። ጠባሳውን ልፈልግ እላለሁ፣ ቀለም ነው ያለው።

ከንፈሯ... መሃሉ ላይ ወጣ ያለ ነበር ብዬ ጽፌአለሁ። ከላይ አለ፣ አነበብኩት። ቃሉ አለ። ከንፈሩ አይታየኝም።

የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም አልቀማኝም። ሞግዚቱ ልጄን ወሰደ፣ ኩፍኝ ነፍሷን ወሰደ፣ ፊቷን ግን እኔ በገዛ እግሬ ኮረብታውን ወርጄ አስረከብኩ።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ሥዕሉን ሊያዩ ገቡ። ቅርጫት ላደርስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት «ምስኪኖች፣ አንድም አልተረፈም አይደል?» አለች። ሁለት ቅርጫት ከእጄ ገዛች። ሥዕሉን ቀና ብዬ አላየሁም። ምን ያደርግልኛል፣ ዓይኔ ሥር ነው ያለው።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

አክስቴን ጠየቅኳት። ኮርቼ ነበር እስከ ዛሬ።

«መልኳን ንገሪኝ። አንቺ ታስታውሻለሽ። ስም አትጥሪ፣ መልኳን ብቻ።»

ስፌቷን አስቀመጠች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም፣ አለቀሰች። አክስቴ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«እኔም አላየውም ልጄ» አለች። «የሄደ ሰው ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። እኛ የምናየው ጀርባውን ነው።»

የቆቧን ጀርባ... እሱ አለኝ። እሱን ማንም አልሳለውም።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ወፏ ተመልሳ መጣች። ማለዳ ነው። እዚያው ከጣሪያው ሥር፣ አክስቴ ጎጆዋን ያፈረሰችበት ቦታ ላይ ጭቃ ትለጥፋለች። አክስቴ መጥረጊያውን አንስታ ወጣች። እጇን ያዝኩ።

«ተያት» አልኩ።

«ስም እየጠራች እኮ ነው!»

«ትጥራ።»

አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች። በመስኮቱ አያታለሁ፣ ጆሮዋን በሻርፏ ጠቅልላ እሳቱ ዳር ተቀምጣለች።

ያቺ ወፍ የራሷን ስም ነው የምትጠራው። ሌላ ዜማ የላትም፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ። ልጄ የተወለደች ማለዳ ወፏ ከዚሁ ጣሪያ ሥር ሆና ስትጠራው ሰማሁ። ሕፃኗን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳቅኩ፣ ስሟንም ከወፏ ወሰድኩት። ለዚህ ነው አክስቴ ያባረረቻት። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት።

ደጅ ቆሜ እየጻፍኩ ነው፣ ወረቀቱን በር ላይ አስደግፌ። የቀረኝ ስሟ ነው። ለምን እንደምቆጥበው አላውቅም። ከጠሩት ይዞራል አሉ። ከዞረ መንገዱ ይጠፋዋል አሉ። ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ። እናት ልጇን መንገድ ታስጠፋለች? እኔ ላስጠፋት ነው። እግዚአብሔርም አክስቴም ይቅር ይበሉኝ።

ግን ስትዞር ፊቷ ወደዚህ ይሆናል። ለአንድ አፍታ። እውነተኛው።

አሁን ጋሪ የለም፣ የሚጮህ መንኮራኩር የለም። ከወፏ በቀር ዝም ያለ ነው። ትሰማኛለች።

ፊቢ።

ፊቢ... ልጄ... አንዴ ዙሪልኝ።